የአባቴ ግራ እግር

አባቴ ጠዋት መኪናውን ከማስነሣቱ በፊት እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ትንሽ ይቆማል፤ ትኩሳት እንዳለው ልጅ ግንባር። ከዚያ ይገባና ቁልፉን ያዞራል። ማስነሻው ሞተሪኖ ያጓራል፣ ደጋግሞ ያጓራል፣ ሞተሩ ግን አይይዝም። እኔ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እሰማለሁ። መኪናዋ የምትስል ስለሚመስለኝ ጉሮሮዬን እጠርግላት ነበር።

1970 ዓ.ም. ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ዛሬ ግሽ ዓባይ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሰፈር እንኖር ነበር። ማለዳ ነፋሱ ከደንገሉ በኩል የዓሣና የእርጥብ ሣር ሽታ ይዞ ይመጣል። መኪናዋ ነጭ፣ አሮጌ፣ የጀርመን ሥሪት ነበረች፤ አባቴ አገር ለቆ ከሚሄድ አንድ ፈረንጅ ነው የገዛት። እንደ ሌሎቹ መኪኖች ካርቡራተር የላትም። ቤንዚኑን በኤሌክትሪክ ፖምፓ ገፍታ በቀጫጭን አፍንጫዎች ወደ ሞተሩ ትረጨዋለች። በከተማው እንዲህ ያለች መኪና እሷ ብቻ ስለነበረች አባቴ ስለ በሽታዋ የሚናገረውን የሚከራከር ሰው አልነበረም።

ከደሞዝ በቀር። ደሞዝ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነው። ከግቢያችን ፊት ለፊት ካለው የየብርጓል ሱቅ በር፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሻዩን ይጠጣል።

«ጋሽ አዘዘ፣ ቤንዚን አፍኗት ነው!» ይላል ከተቀመጠበት።

«ይቺን ቤንዚን አያፍናትም ደሞዝ። ካርቡራተር የላትም።»

«ታዲያ ምን አላት?»

«ኢንጀክሽን።»

«እሱ ነዋ የገደላት! ሽጠው በቅሎ ይግዙ። በቅሎ ብትለግም እንኳ በአለንጋ ትነሣለች።»

አባቴ ይስቃል። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ይላል። ካንዴላ ይነቅላል፣ ያብሳል፣ ይመልሳል። አንዱን ሽቦ በጣቱ ተከትሎ እስከ ጥግ ይሄዳል፣ እዚያ ትንሽ ይቆያል። በመጨረሻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና ይልና፣ «እንግዲህ ግፉኝ» ይላል።

ገፊዎቹ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ጋሽ አበራ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሚሠራ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ወልደ ሐዋርያት ከሐይቁ ገዳማት በአንዱ የሚያገለግሉ መሪጌታ ልጅ ነው፤ «አሐዱ! ክልኤቱ! ሠለስቱ!» እያለ በግዕዝ ቆጥሮ ያስገፋል። ሦስተኛው መምህር አምባቸው ነው። የደሴ ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ የሒሳብ አስተማሪ፤ ከጣቶቹ ጠመኔ ጠፍቶ አያውቅም። ሁልጊዜ በመስኮቱ ወደ እኔ አጎንብሶ፣ «ወይዘሪት እሌኒ፣ ዛሬ ቁርስ በልተሻል? ከበላሽ ውረጂ፤ ትከብጃለሽ» ይለኛል። እኔ አልወርድም። እሱም መልሴን ሳይጠብቅ መግፋት ይጀምራል።

ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ በአባቴ በር በኩል ይሆናል። አንድ እጁን በሩ ላይ፣ ሌላውን ጣሪያው ላይ አድርጎ፣ ራሱን በተከፈተው መስኮት ወደ አባቴ ጆሮ አዘንብሎ ይገፋል። መንገዱ ሜዳ ነው። ከግቢያችን በር መንገዱ ዳር እስካለው ዋርካ ድረስ መኪናዋ በሰው እግር ፍጥነት ትሄዳለች። እኔ በሁለቱ ወንበሮች መካከል አንገቴን አስግጌ የማየው የአባቴን ግራ እግር ነበር። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ ይቆያል። ጫማው አይንቀሳቀስም። ዋርካው ጋ ስንደርስ እግሩን ያነሣዋል፤ መኪናዋ ትንገጫገጭና ነፍስ ትዘራለች።

ዋርካው አድባር አለበት ሲሉ እሰማ ነበር። ስለዚህ መኪናችንን የምታስነሣት አድባሯ ናት ብዬ አመንሁ። በሥሯ ስናልፍ ማንም ሳያየኝ ራሴን ዝቅ አድርጌ አመሰግናታለሁ። ደሞዝ አንዳንድ ጠዋት ጠመንጃውን ለየብርጓል ሰጥቶ እሱም ይገፋ ነበር። እሱ በገፋ ቀን መኪናዋ ዋርካው ጋ ሳትደርስ፣ ገና ሁለት ሦስት አጥር እንዳለፍን ትነሣለች። ደሞዝ ክንዱን እያሳየ ይኮራል። እኔ ግን አድባሯ ጠመንጃ የያዘ ሰው ስለምትፈራ ቶሎ ታስነሣታለች እል ነበር።

አንድ ቀን በአባቴ በር በኩል የሚገፋው ጋሽ አበራ ነበር።

«ዛሬ ማታ እቤትህ አትደር» አለው አባቴ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

«ወዴት ልሂድ?»

«አክስትህ ሐሙሲት አይደል የምትኖረው? ታማብኛለች በል። በሚቀጥለው አውቶቡስ።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹን አይፈልጉም።»

በማግስቱ ጋሽ አበራ ለመግፋት አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም። ለማላውቃት ሴት፣ ለጋሽ አበራ አክስት፣ ሳምንቱን ሙሉ ጸለይሁላት። አንድ ቀን ምሳ ላይ አባቴን ጠየቅሁት።

«የጋሽ አበራ አክስት ዳነች?»

ጉርሻውን ዋጠ። «ድናለች።»

«ታዲያ ለምን አይመጣም?»

«ሥራ ይዞት ነው። ይህን ሌላ ሰው እንዳትጠይቂ። የታመመ ሰው ሲወራበት አይወድም።»

እናቴ ቀና ብላ አየችውና ወጡን ጨመረችለት።

ብዙ ዓመት አለፈ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ሥራ ይዤ፣ አግብቼ ነበር። ባለቤቴ መኪና ሊያለማምደኝ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ሜዳ ይወስደኛል። አንድ ቀን ባትሪው ሞተ። እኔን መሪው ላይ ትቶ ከሁለት መንገደኞች ጋር ይገፋ ጀመር። መገፋት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የማውቅ መስሎኝ ፔዳሉን በግራ እግሬ እስከ ወለሉ ረግጬ ጠበቅሁ። ገፉ፣ ገፉ። በመጨረሻ ባለቤቴ እያለከለከ ወደ መስኮቱ መጣ።

«ፍሪሲዮኑን ልቀቂው እንጂ!»

ዋርካው ጋ ገና አልደረስንም ልለው ምንም አልቀረኝም።

«ካለቀቅሽው ጎንደር ድረስ ብንገፋሽም አይነሣም» አለ። «ትንሽ እንደተንቀሳቀሰ ወዲያው መልቀቅ ነው።»

ወዲያው። መሪውን ይዤ ተቀመጥሁ።

አባቴ የቀበሌው የስብሰባ ጸሐፊ ነበር። ጽሕፈቱ ስለሚያምር የመረጡት የቀበሌው ሹሞች ናቸው፤ እምቢ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። ሊያዙ የታሰቡ ሰዎች ስም ሲነሣ እዚያው ብዕሩን ይዞ ተቀምጦ ይሰማል። በዚያ ዓመት ሦስት ሰዎች ራስ ለራስ ገጥመው ሲነጋገሩ ከታዩ ይጠየቃሉ። የጎረቤት በር የሚያንኳኳም ይታያል። መኪና የሚገፋን ሰው ግን ምን እያወራህ ነው የሚለው የለም። አባቴ ማታ ማታ የፖምፓዋን ሽቦ ይነቅላል፤ ጠዋት ሁሉም እያየ ቁልፉን ያዞራል፣ ካንዴላ ያብሳል፤ ሽቦዋን በቦታዋ ይመልሳትና፣ የሚለው እስኪያልቅ ፔዳሉን በግራ እግሩ ረግጦ ራሱን ያስገፋል። የሚለው በሌለበት ቀን፣ ወይም ደሞዝ ከገፊዎቹ ጋር በሆነ ቀን፣ ቶሎ ይለቅቀዋል።

ይህን ለባለቤቴ በኋላ ነገርሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ሁለተኛም አላነሣብኝም። ከእሱ በቀር ለማንም አልተናገርሁም። አሁን እሱም የለም።

እናቴ ወለላ አታውቅም ነበር። አባቴ ያልነገራት እንዳትጨነቅ ይሁን፣ ወይም ብትጠየቅ የምትመልሰው እንዳይኖራት፣ ለይቼ አላውቅም። እሷ የምታየው ሌላ ነው። የተማረ፣ ደመወዝተኛ ባሏ በየጠዋቱ መንገድ ላይ እየተገፋ የሰፈር መሳቂያ ሲሆን ነው። ደሞዝ በቅሎ ባለ ቁጥር እሷ ከአጥሩ ጀርባ ከንፈሯን ትነክሳለች። ደግሞም ባሕር ዳር ስንት ዓመት ኖራ ጢስ ዓባይን አላየችም ነበር። ሁለታችንም እንወተውታለን። የአባቴ መልስ አንድ ነው፤ «መኪናዋ ስትስተካከል።»

አንድ እሑድ አባቴ ቀኑን ሙሉ ለሚቆይ ስብሰባ በእግሩ ወደ ቀበሌው ሄደ። እሱ ከአጥሩ እንደታጠፈ እናቴ የሚያብረቀርቅ ጥርስ ያለው ሰው ይዛ መጣች። አንዳርጋቸው ይባላል፤ ሥራውን አሥመራ የተማረ መካኒክ ነው።

«ወይዘሮ ወለላ፣ ቁልፉን ያዙሩልኝ» አላት። እናቴ መሪው ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ወደ ኋላ አጣፍታ፣ ቁልፉን በሁለት ጣቷ እንደ መርፌ ይዛ አዞረችው። መኪናዋ ሳለች።

አንዳርጋቸው አንድ ካንዴላ ነቅሎ ሞከረው። «እሳት አላት» አለ። ከዚያ መኪናዋ ሥር ተንበርክኮ ጆሮውን ወደ ቤንዚን መያዣው አስጠጋ። «ደግመው ይክፈቱ። እምም የሚል ድምፅ መስማት ነበረብኝ። ፖምፓዋ ዝም ብላለች።» ወደ ኮፈኑ ተመልሶ ጣቱን በሽቦው ላይ እያስኬደ ተከተለው። አባቴ ዘወትር የሚቆምበት ጥግ ላይ እሱም ቆመ። የተነቀለውን ጫፍ አውጥቶ በብርሃኑ አየው። ጫፉ ከመፋተግ ብዛት እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል።

«ባለቤትዎ ይህን ያውቃሉ?»

«እሱ ምን ያውቃል!» አለች እናቴ እየሳቀች። «ካንዴላ ሲያብስ ነው የሚኖረው።»

አንዳርጋቸው ሽቦውን ትንሽ ጊዜ ይዞት ቆየ። አሁን ሳስበው ያን ጊዜ ትቶ መሄድ ይችል ነበር። ግን ሰውዬው መካኒክ ነው፤ የጠራችውም ሴት በተስፋ ታየዋለች። ጫፉን በእሳት አቅልጦ በየደውና በጥቁር ፕላስተር ጠቀለለው። «ከእንግዲህ ብትጎትቺውም አይወጣም» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ፣ አንድ ነገር የጎተትሁ ይመስል።

እናቴ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ያዘ። እልል ልትል አፏን ከፈተችና በመዳፏ ከደነችው። «ነገ ራሱ ይየው» አለችኝ። «ትንፍሽ እንዳትይ።»

አባቴ ሰዓት እላፊው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው መጣ። እራት አልበላም። እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ እንደገና ሊታጠብ ተነሣ።

«አምባቸው በዚህ አልፎ ነበር?» አለ።

«አላየሁትም» አለች እናቴ። «ነገ ለመግፋት ይመጣ የለ?»

ወደ እኔ ዞራ ጠቀሰችኝ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳቄን በትራሴ አፈንሁት።

«አዎ» አለ አባቴ። «ነገ ይመጣል።»

ሰኞ ጠዋት መምህር አምባቸውና ወልደ ሐዋርያት መጡ። አባቴ ኮፈኑ ላይ እጁን ማሳረፉን ረሳ። «አምባቸው፣ አንተ በዚህ በኩል ሁን» አለና ገባ። ሊያጓራ ብቻ አስቦ ቁልፉን አዞረ።

መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሣች።

እጁ ቁልፉ ላይ ቀረ። አጠፋት። ወልደ ሐዋርያት ከኋላ፣ «አሐዱ ሳልል!» ብሎ ሳቀ። አባቴ እንደገና አዞረ፤ እንደገና ተነሣች። የእናቴ እልልታ ከግቢው በር ተሰማ። ደሞዝ ሻዩን አስቀምጦ እያጨበጨበ መጣ።

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሽ አዘዘ! በቅሎዋ ቀረችብዎት!»

«ማን ነካት?» አለ አባቴ።

«እኔ!» አለች እናቴ። «አንዳርጋቸውን አምጥቼ አሠራኋት። አንዲት ሽቦ ናት! ለአንዲት ሽቦ ነው ስንት ወር የተገፋኸው!»

አባቴ አያት። እንደዚያ አድርጎ ሲያያት አይቼ አላውቅም። ደስታ ነው ብዬ ነበር የወሰድሁት። እሷም እንደዚያው።

«ጥሩ አድርገሻል» አላት። ቀጥሎ፣ «አምባቸው፣ ግባ ላድርስህ።»

«እኔስ?» አለ ደሞዝ። «ስንት ጠዋት ገፍቼ አንድ ቀን እንኳ ልቀመጥባት እንጂ። ቀበሌ ድረስ ይጣሉኝ።» በሩን ከፍቶ ከፊት ገባ። ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መካከል አቆመ።

መምህር አምባቸው ከእኔ ጎን ተቀመጠ። ጉልበቱ ከፊት ወንበር ጋር ተጋጨ። «ወይዘሪት እሌኒ፣ ዛሬስ የቱንም ያህል ብትበይ አትከብጂኝም» አለኝ። በዋርካው ሥር ሞተሩ እየሠራ አለፍን። ለአድባሯ ራሴን ዝቅ አደረግሁላት፤ ውለታዋን እንዳንረሳ።

አባቴ በመስታወቱ ወደ ኋላ ያያል። መንገዱን ያያል፣ ደግሞ መስታወቱን። ደሞዝ መስኮቱን ከፍቶ ክንዱን አውጥቶ ለሚያውቀው ሰው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል።

«አምባቸው» አለ አባቴ። ድምፁ ተራ ነበር። «ሐሙሲት ያለችው አክስትህ ታማለች ሲሉ ሰማሁ።»

ደሞዝ ክንዱን አስገባ። «መምህር፣ ሐሙሲት አክስት አለህ እንዴ? የደሴ ሰው አልነበርህም?»

ሞተሩን ሰማሁት። ምንም አልጎደለውም፤ ለስላሳ፣ እኩል እኩል ይዞራል። መምህር አምባቸው ጣቱ ላይ ያለውን ጠመኔ በአውራ ጣቱ አሸው። በመስታወቱ ውስጥ የአባቴን ዓይን ሲያገኘው አየሁ።

«ጋሽ አዘዘ ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኝ ነው» አለ። «እኔ አክስት የለኝም።»

«እርጅና ነው» አለ አባቴ።

ደሞዝ ሳቀ። «መኪናዋ ስትድን እርስዎ ታመሙ!»

ለረጅም ጊዜ መምህር አምባቸው አልገባውም ነበር ብዬ አስቤያለሁ። አሁን ግን እንደዚያ አይመስለኝም። ጋሽ አበራ ወዴትና እንዴት እንደሄደ ያውቅ ነበር፤ ሲነገረው እሱም ከኋላ እየገፋ ነበር። አዎ፣ ታማለች ብሎ ቢመልስ፣ ከሰፈሩ ሲጠፋ ያስጠነቀቀው አባቴ እንደሆነ ደሞዝ ያውቃል።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወረደ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። «ዛሬ መኪናዋ ደግ ናት» አለ፤ በጣሪያዋ ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረጋትና፣ ደሞዝ እያየው ወደ ግቢው ገባ።

ደሞዝን ቀበሌው ጋ አወረድነው። የእኔ ትምህርት ቤት ከዚያ በታች ነው። አባቴ ግን ወደዚያ አልሄደም፤ መኪናዋን አዙሮ በመጣንበት መንገድ ተመለሰ። «አረፍዳለሁ አባዬ» አልሁት። አልሰማኝም። እንደዚያ በፍጥነት ነድቶ አያውቅም። መኪናችን እንዲህ መሮጥ መቻሏ ገረመኝ።

ከመምህር አምባቸው ትምህርት ቤት በር ፊት ላንድሮቨር ቆሟል። አባቴ ከመንገዱ ማዶ ቆመ፤ ሞተሩን አላጠፋም። መምህር አምባቸው ከሁለት ሰዎች ጋር ከግቢው ወጣ። ፈተና ሲጠብቅ እንደሚያደርገው ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ነበር የሚሄደው። እጄን አወዛወዝሁለት። እሱ አላወዛወዘም። ላንድሮቨሩ ሄደ። አባቴ ማርሽ አስገብቶ፣ ፔዳሉን በግራ እግሩ እስከ ወለሉ ረግጦ፣ ለመሄድም ላለመሄድም ሳይሆን ዝም ብሎ ተቀመጠ። እግሩን አየሁት። ጫማው አይንቀሳቀስም። የሚገፋን ሰው ግን አልነበረም።

መምህር አምባቸው አልተመለሰም።

በዚያው ቅዳሜ ጢስ ዓባይ ሄድን። አባቴ ቃል ገብቶ ነበር። እናቴ አዲስ ነጠላ ለብሳ ከፊት ተቀመጠች፤ በየመንደሩ ስናልፍ ሰው ያያት እንደሆነ ትመለከታለች። ከውሃው የሚነሣው ጉም ፀጉሯን ሲያረጥበው እንደ ልጅ ጮኸች። አባቴ ከኋላችን ቆሞ ነበር። ስዞር ውሃውን አያይም፤ በዛፎቹ መካከል የቆመችውን መኪናውን ያያል። ውሃው ከሚያሰማው ድምፅ የተነሣ ማንም ለማንም መናገር አያስፈልገውም ነበር። ስንመለስም በአንድ ቁልፍ ተነሣች።

ከዚያ በኋላ በእግሩ ይሄድ ጀመር። ዓመቱ ሳያልቅ ለአንድ የጎንደር ነጋዴ ሸጣት። እናቴ አኮረፈችው። በሽተኛ ሳለች ተሸክሟት ኖሮ ስትድን መሸጡ እስከ ዛሬ አይገባትም። አባቴ ሌላ ብዙ ዓመት ኖሮ በሕመም ሞተ። ስለዚያ ሰኞ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እሷ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎም አያውቅም።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ትኖራለች። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ለእኔ ብለው የሚመጡ ሰዎች እኔን ምን እንደሚሉኝ ሲጠፋቸው እሷን ያጫውቷታል። እሷም ወጓን ታመጣለች። በደርግ ጊዜ ባሏ በየጠዋቱ ሲገፋ እንደኖረ፣ የተማሩት ሁሉ ያልደረሱበትን እሷ አንድ መካኒክ ጠርታ በግማሽ ቀን እንዳስተካከለችው፣ ሰፈርተኛው እንዳጨበጨበ። እንግዶቹ ይስቃሉ። እኔም ፈገግ እላለሁ።

«ይኸው ልጄ ምስክሬ ናት» ትላለች፣ የተሸበሸበ እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ። «በስንት ቁልፍ ተነሣች እሌኒ?»

«በአንድ ቁልፍ እማዬ» እላታለሁ።

ዓይኗ ይበራል። ያን ጊዜ፣ ከጠረጴዛው ሥር ማንም በማያይበት፣ ግራ እግሬ ወለሉን ተጭኖ ይቆያል። እስክትተኛ ድረስ አላነሣውም።